የዝይ መንደር በማን ይቆረቆራል?

በዚህ ጊዜ ከደረሱን ደብዳቤዎች ብዙዎቹ ስለ አንድ ነገር የሚጠይቁ ሆነው አገኘናቸው፤ የዱር ዝዮች በሺዎች ሆነው፣ ጎጆ ለጎጆ ተጠጋግተው እንቁላል ስለሚጥሉባቸው መንደሮች። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርገናል። ዓመቶቹና ወሮቹ በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ በሰሜን ካናዳ ለቁጥር የሚያዳግቱ ነጫጭ ዝዮች በአንድ ሜዳ ላይ ጎጆ ሠርተው በቴሌቪዥን አየሁ። ማን ሰበሰባቸው? እንደ ንብ አውራ አላቸው ወይ? (ተማሪ፣ ባሕር ዳር)

መልስ፦ አውራ የላቸውም፤ ማንም አልሰበሰባቸውም። ያዩዋቸው የበረዶ ዝዮች ናቸው፤ የአብዛኞቹ መላ አካል ነጭ ሆኖ የክንፋቸው ጫፍ ይጠቁራል። መንደሩን የሚያቆመው የሴቶቹ አንድ ጠባይ ነው። ሴቷ ዝይ መብረር የተማረችበትን ቦታ አትለቅም፤ ስትጎለምስ ተመልሳ እንቁላሏን የምትጥለው እዚያው አካባቢ ነው። ልጇም እንዲሁ፣ የልጅ ልጇም እንዲሁ። ወንዱ ግን ይህ ጠባይ የለውም።

ነገሩ ከጋብቻው ይመጣል። የበረዶ ዝዮች የሚጣመሩት በመራቢያው አገር ሳይሆን የብርዱን ወራት በሚያሳልፉበት በደቡቡ የአሜሪካ ክፍል፣ ለምሳሌ በቴክሳስና በሉዊዚያና የሩዝ ማሳዎች ላይ፣ አለዚያም ወደ ሰሜን ሲመለሱ በመንገድ ላይ ነው። እዚያ የብዙ መንደር ዝይ ተቀላቅሎ ይውላል። ጥንዱ ከተለያየ መንደር ከሆነ፣ ሲመለሱ ወንዱ ነው ሚስቱን የሚከተለው። በእኛ ወግ ጓዟን ጠቅልላ ወደ ባሏ አገር የምትሄደው ሙሽራይቱ ናት፤ እዚህ የተገላቢጦሽ ነው። ስለዚህ በአንድ መንደር ውስጥ ሴቶቹ እናት፣ ልጅ፣ እኅትና አክስት የሆኑ የአገር ልጆች ናቸው፤ ከወንዶቹ ግን ብዙዎቹ መጤ ናቸው። መጤዎቹ ባይኖሩ ኖሮ እያንዳንዱ መንደር በዘር ተዘግቶ በቀረ ነበር።

ወጣቷ እንደተመለሰች ወዲያው እናት አትሆንም። በሁለት ዓመታቸው የሚጀምሩ ጥቂቶች ናቸው፤ አብዛኞቹ ሦስት ወይም አራት ዓመት ይሞላቸዋል። በመንደሩ ላይ ሲያንዣብቡና ዳር ዳሩን ሲግጡ የሚታዩት ጎጆ የሌላቸው ዝዮች እነዚህ ናቸው።

ወቅቱ እንዲህ ይሄዳል። ዝዮቹ በሜይ ወር አጋማሽና መጨረሻ፣ ምድሩ ገና በበረዶ እንደተሸፈነ ይደርሳሉ። ሴቷ ስንቋን በጮማና በጡንቻ መልክ በሰውነቷ ይዛ ነው የምትመጣው። በረዶው ቀድሞ የሚለቀው ጉብታውንና ደሴቱን ስለሆነ ጎጆው እዚያ ይሠራል፤ መሬቱን ጎድጎድ አድርጋ በሣርና በቅጠል፣ ኋላም ከደረቷ በምትነጨው ለስላሳ ላባ ትደለድለዋለች። አራት ያህል እንቁላል ትጥላለች። ከዚያ 23 ቀን ገደማ ታቅፋ ትቀመጣለች፤ የምትነሣው ለአፍታ ብቻ ስለሆነ ከክብደቷ ሩብ ያህሉን ታጣለች። ወንዱ አይታቀፍም፤ አጠገቧ ቆሞ ይጠብቃል። ጫጩቶቹ በተፈለፈሉ በአንድ ቀን ውስጥ ቤተሰቡ መንደሩን ጥሎ በእግሩ ወደ ግጦሽ ይነሣል፤ ይህ ጉዞ አንዳንዴ 30 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ጫጩቶቹ የሚበሩት ከስድስት እስከ ሰባት ሳምንት በኋላ ነው።

ሁሉን የሚያበላሸው የዘገየ በረዶ ነው። ጉብታው ካልተገለጠ ሴቷ ትጠብቃለች፤ እየጠበቀች ግን ስንቋን ትበላለች። በሆዷ ሊዳብር የጀመረውን እንቁላል ሰውነቷ መልሶ ስለሚመጠው አራት ልትጥል የነበረችው ሁለት ትጥላለች፤ መዘግየቱ ከበረታ ደግሞ በዚያ ዓመት ጨርሶ አትጥልም። ዘግይተው የሚፈለፈሉትም ጫጩቶች የሚደርሱት ለምለሙ ሣር እየጠነከረና ገንቢ ምግብነቱ እየቀነሰ ሲሄድ ስለሆነ ቀጭጨው ይቀራሉ። ከሩሲያ በስተሰሜን በምትገኘው በራንገል ደሴት በ1970ዎቹ መጀመሪያ እንዲህ ያሉ ዓመታት ተደጋግመው የበረዶ ዝዮቹ ቁጥር ከግማሽ በታች ወርዶ ነበር።

ጥያቄ፦ ስዊድን ውስጥ በየመናፈሻው ፊታቸው ነጭ፣ አንገታቸው ጥቁር የሆኑ ዝዮች ሞልተዋል። ሽማግሌ ጎረቤቴ «እኔ ልጅ ሳለሁ እነዚህ እዚህ አይፈለፍሉም ነበር» ይሉኛል። ሴቷ ወደ ተወለደችበት የምትመለስ ከሆነ አዲስ ሰፈር እንዴት ይጀመራል? (አንባቢ፣ ስቶክሆልም)

መልስ፦ ጎረቤትዎ እውነታቸውን ነው። ወፎቹ እናንተ ዘንድ ባለ ነጭ ጉንጭ የሚባሉት ዝዮች ናቸው። ቀድሞ በባልቲክ ባሕር በኩል ወደ ሰሜን ሩሲያ ሲያልፉ ለጥቂት ሳምንት ግጠው የሚሄዱ መንገደኞች ነበሩ። በ1971 ከጎትላንድ ደሴት በስተምሥራቅ በምትገኝ ትንሽ ደሴት ላይ ሲፈለፍሉ ታዩ፤ ከዚያ ወዲህ በባልቲክ ዙሪያ በሺዎች የሚቆጠሩ ጥንዶች ሆነዋል።

የተመላሽነቱን ጠባይ የሚያፈርሱት ጥቂቶች ናቸው፤ ግን ጥቂቱ ይበቃል። አንዲት ሴት በመንገድ ላይ ቀርታ ልጆች ካሳደገች፣ ሴት ልጆቿ የሚመለሱት እናታቸው ወደተወለደችበት ወደ ሩሲያ ሳይሆን ወደ ጎትላንድ ነው። ያው ልማድ፣ ያው ጠባይ፤ የተለወጠው መነሻው ብቻ ነው። በዚያው አካባቢ ኋላ የተቆረቆሩት መንደሮችም ብዙዎቹ ከመጀመሪያው መንደር በወጡ ልጆች የተመሠረቱ ናቸው።

ሙከራው እንዲይዝ ሁለት ነገር አንድ ላይ መገኘት አለበት። አንደኛው ቀበሮ የማይደርስበት ጎጆ ነው፤ ስለዚህ ደሴት። ሁለተኛው፣ ጫጩት ዋኝቶ ሊደርስበት በሚችል ርቀት ላይ ያለ አጭርና ለምለም ሣር ነው። በጎትላንድ ዳርቻ ይህን ሣር የሚያሳጥሩት በጎችና ከብቶች ናቸው፤ ግጦሹ ከቆመ ሣሩ ይረዝማል፣ ይጠነክራል፣ ለጫጩት መንቁርም አይሆንም። ብዙ ጊዜ የሚበላሸውም ከሁለቱ አንዱ ሲጎድል ነው። ባሕሩ በረዶ ሲሆን ቀበሮ በላዩ ተሻግሮ ደሴቱ ላይ ይቀራል። ነጭ ጭራ ያለው የባሕር ንስርም እየበዛ ስለሄደ በቅርብ አሥርተ ዓመታት ብዙ ጎጆ ያስለቅቃል። አምስት ወይም ስድስት ጥንድ ብቻ ያለው አዲስ ሰፈር አንዲት ቀበሮ በአንድ ሳምንት ትጨርሰዋለች፤ ለዚህ ነው አብዛኛው ጅምር ማንም ሳያየው የሚጠፋው።

(አንድ ማሳሰቢያ፦ በአውሮፓ «ቀይ ቀበሮ» የሚባለው አውሬ የባሌውና የሰሜን ተራራው የእኛ ቀይ ቀበሮ አይደለም። የእኛው በዘሩ ለተኩላ ይቀርባል።)

ጥያቄ፦ እንዲህ ተሰብስቦ መቀመጥ ለቀበሮ ድግስ መደገስ አይሆንም? (አንባቢ፣ ደብረ ብርሃን)

መልስ፦ ድግሱማ ድግስ ነው። አንዲት የዋልታ ቀበሮ በአንድ ወቅት በመቶዎች፣ አንዳንዴም እስከ ሺህ የሚደርስ እንቁላል ትወስዳለች። አብዛኛውን ያኔ አትበላውም፤ አንድ በአንድ እየቀበረች ለብርዱ ወራት ታስቀምጠዋለች።

ሆኖም የቀበሮውን ቁጥር የሚወስነው የጁን ወር ጥጋብ ሳይሆን የብርዱ ወራት ረሀብ ነው። ዝዮቹ ሄደው ምድሩ ባዶ ሲሆን ብዙ ቀበሮ አይተርፍም። ስለዚህ መንደሩ አሥር እጥፍ ቢያድግ ቀበሮው አሥር እጥፍ አይሆንም። ሺህ እንቁላል ሁለት ሺህ ጥንድ ላለበት መንደር ከባድ ጉዳት ነው፤ ሃምሳ ሺህ ጥንድ ላለበት ግን ቁም ነገር አይደለም።

ጊዜውም ይረዳል። በመንደሩ ውስጥ ያሉት አብዛኞቹ ሴቶች በጥቂት ቀናት ልዩነት ስለሚጥሉ ጫጩቱም በአንድ ጊዜ ይፈላል። ቀበሮና የባሕር ወፎች በቀን የሚበሉት የተወሰነ ነው፤ እነሱ ሲጠግቡ ሌላው ያልፋል። የሚጎዱት ቀድመው ወይም ዘግይተው የጣሉትና ጎጆአቸው ከመንደሩ ዳር የሆነው ናቸው።

ብልኃቱ ሁሉ ግን በብዛት አይደለም። ሌሚንግ የምትባለው አይጥ መሰል እንስሳ በምትበዛባቸው ዓመታት ነጩ ጉጉት በታንድራው (ዛፍ በሌለው የዋልታ ሜዳ) ላይ ይፈለፍላል። ጉጉቱ ለራሱ ጫጩቶች ሲል ቀበሮን ከጎጆው ዙሪያ ያባርራል፤ ዝዮች ይህን ተጠግተው ጎጆአቸውን በጉጉቱ ዙሪያ ይሠራሉ። በራንገል ደሴት ከዋናው መንደር ርቀው የሚታዩት ትናንሽ ሰፈሮች ብዙ ጊዜ መሐላቸው የጉጉት ጎጆ አለ። ሌሚንግ በሌለበት ዓመት ጉጉቱም አይኖርም፤ ሰፈሩም ይበተናል።

ደሴት ላይ መስፈርም ቢሆን በነጩ የዋልታ ድብ ፊት አይሠራም። የባሕሩ በረዶ ቀድሞ ሲፈርስ ድቦቹ ቀድመው ወደ የብስ ይወጣሉ፤ ዝዮቹ ገና እንቁላል ታቅፈው ሳለ ይደርሱባቸዋል። በኖርዌይ ሥር ባለው በስቫልባርድና በካናዳው ሐድሰን ባሕረ ሰላጤ ይህ በግልጽ ታይቷል። ድብ እንደ ቀበሮ አንድ አንድ እያነሣ አይሄድም፤ ከጎጆ ወደ ጎጆ እየተራመደ ሁሉን ይልሳል።

ጥያቄ፦ የእኛዎቹ የኢትዮጵያ ዝዮችስ መንደር ይሠራሉ? (አንባቢ፣ አዲስ አበባ)

መልስ፦ አይሠሩም። በአገራችን ብቻ የምትገኘው ባለ ሰማያዊ ክንፍ ዝይ በደጋው፣ በወንዝና በረግረግ ዳር ጥንድ ጥንድ ሆና ትኖራለች፤ በሱሉልታ ሜዳ፣ በገፈርሳ፣ በባሌ ከፍታዎች ትታያለች። ጎጆዋን መሬት ላይ በሣር ውስጥ ትሸሽጋለች፤ ጥንዱም ሌላ ዝይ ወደ ክልላቸው እንዳይገባ ይጣላሉ። ክረምት ሲገባ ብቻ በአሥሮች ሆነው ሲግጡ ይታያሉ። የግብፅ ዝይ የምንለውም የሚፈለፍለው ጥንድ ሆኖ ነው። ምክንያቱ ለማየት አያስቸግርም፤ የደጋው ሣርና ውሃ በሰፊው የተዘረጋ ነው፣ መፈልፈያውም ወቅት ረጅም ነው፣ ቀበሮና ጅብ የማይደርስበት ደሴትም እንደ ልብ አይገኝም። በእንዲህ ያለ አገር የሚያዋጣው መሸሸግ እንጂ መሰብሰብ አይደለም። ከዘር ሐረግም አንጻር ሁለቱ ከበረዶ ዝይ ይልቅ ወደ ሌሎች የዳክዬ ወገኖች ይቀርባሉ።

ጥያቄ፦ አንድ መንደር በምን ያህል ፍጥነት ያድጋል? በቁጥር አስረዱን። (መምህር፣ ሐዋሳ)

መልስ፦ ለረጅም ጊዜ ከተጠኑት አንዱን እንውሰድ። በካናዳ ማኒቶባ፣ ቸርችል ከምትባለው ከተማ በስተምሥራቅ ባለው በላ ፔሩዝ የባሕር ወሽመጥ፣ የወፍ ተመራማሪው ፍሬድ ኩክና ባልደረቦቹ ከ1968 ጀምሮ የበረዶ ዝዮችን ሲከታተሉ ቆይተዋል። ሲጀምሩ 2,000 ገደማ ጥንድ ነበር፤ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ከ20,000 በላይ ሆነ። ይህ በዓመት አሥር በመቶ ገደማ መሆኑ ነው። መቶኛው ትንሽ ይመስላል፤ በየዓመቱ ሲደራረብ ግን በሃያ አራት ዓመት አሥር እጥፍ ያደርሳል።

አሥሩ በመቶ ከየት እንደሚመጣ ለተማሪዎችዎ በሰሌዳ ላይ እንዲህ ማሳየት ይችላሉ (ቁጥሮቹን ለማስረዳት ያቃለልናቸው ናቸው)። 1,000 ሴቶች አሉ እንበል። እያንዳንዷ አራት ስትጥል 4,000 እንቁላል ይሆናል። ሩቡ በቀበሮ፣ በጎርፍና ባለመዳበር ይጠፋል፤ 3,000 ይፈለፈላል። ለመብረር የሚደርሰው ግማሹ፣ 1,500 ነው። ከዚህ ሴቱ 750። የመጀመሪያው ጉዞና የብርዱ ወራት ከባድ ስለሆነ ከመቶ አርባው ብቻ ይተርፋል፤ 300 ቀረ። እስኪጎለምሱ በሚቀሩት ሁለት ዓመታት በየዓመቱ ከመቶ አሥራ አምስቱ ይሞታሉ፤ 217 ይገባሉ። ከአሮጌዎቹ 1,000 ደግሞ 120 ሞተው 880 ይተርፋሉ። ሲደመር 1,097።

አሁን አንዱን ቁጥር ይነካኩ። ከአዋቂዎቹ የሚተርፉት 880 መሆናቸው ቀርቶ 780 ቢሆኑ ድምሩ 997 ነው፤ እድገቱ ቆመ። ያንኑ ውጤት በእንቁላል በኩል ለማግኘት ግን ግማሽ የሚጠጋውን ልጅ ማጥፋት ያስፈልጋል። መንደሩን የሚያፋፋው ዋናው ነገር የእንቁላሉ ብዛት ሳይሆን የእናቶቹ ዕድሜ ነው።

የሰሜኑ መንደሮች ከ1970ዎቹ ወዲህ የፈነዱትም በዚህ ነው። ዝዮቹ ድሮ የብርዱን ወራት የሚያሳልፉት በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ዳር ባለው ረግረግ ነበር፤ ኋላ ወደ ሩዝና በቆሎ ማሳ ተሻገሩ። ከአጨዳ የተረፈው እህል ለወፍ የማያልቅ ጎተራ ነው፤ የሚራብ ጠፋ። መንግሥታት ነገሩን ሲረዱ፣ አሜሪካና ካናዳ በ1999 ዝዮቹ ወደ ሰሜን በሚመለሱበት ጊዜም እንዲታደኑ ፈቀዱ፤ ከላይ ባየነው ስሌት መሠረት አዋቂዎቹን ለመቀነስ ማለት ነው። አስተሳሰቡ ትክክል ነበር። ግን ዝዮቹ ከአዳኞቹ አቅም በላይ በዝተው ስለነበር የሞቱ መጠን የተፈለገውን ያህል አልጨመረም።

ጥያቄ፦ ታዲያ እስከ መቼ ያድጋል? የሚያቆመው ምንድን ነው? (አንባቢ፣ ሚላኖ)

መልስ፦ ሣሩ ነው። በላ ፔሩዝ የሆነውን ዘርዘር አድርገን እንንገርዎ።

በባሕሩ ዳር ያለው ረግረግ አጭር ሣር የለበሰ ነው። በልኩ ከተጋጠ ዝዮቹ አይጎዱትም፤ እንዲያውም ይጠቅሙታል። በዚያ ብርድ አገር አፈሩ የሚያጥረው ናይትሮጅን ነው፤ የዝይ ኩስ ያንኑ ናይትሮጅን ለሣሩ ይመልሳል። የተጋጠው ቦታ በሳምንታት ውስጥ ተመልሶ ይለመልማል፤ አጥረው ከተዉት ቦታም የበለጠ ቅጠል ይሰጣል። መንደሩ ትንሽ ሳለ ዝዮቹ የራሳቸውን ማሳ የሚያዳብሩ ገበሬዎች ናቸው ማለት ይቻላል።

ጉዳቱ የሚመጣው ከግጦሹ ሳይሆን ከቁፋሮው ነው። ዝዮቹ ሲደርሱ ቅጠል ገና አልበቀለም፤ ስለዚህ በመንቁራቸው ጭቃውን እየፈነቀሉ ሥሩን ይበላሉ። ጥቂት ሲሆኑ የተፈነቀለው ቦታ ከዳር ይሸፈናል። ሲበዙ ግን ሰፊ ጭቃ ይራቆታል። ጥላ የሌለውን ጭቃ ፀሐይ ስትመታው ውሃው ከሥር ወደ ላይ እየተሳበ ይተናል፤ ይህ አፈር የጥንት የባሕር ደለል ስለሆነ ውሃው ጨው ይዞ ይወጣል፣ ጨውም ላይ ይቀራል። በአዋሽ ሸለቆ የአሚባራን የመስኖ እርሻ ያየ ሰው ነጩን ቅርፊት ያውቀዋል፤ መነሻው ቢለይም አሠራሩ አንድ ነው። ጨውነቱ ከባሕር ውሃ ሲበልጥ ሣሩ ሊመለስ አይችልም። ያልተቆፈረውም ጎረቤት ሣር በጨው ይደርቃል፤ ዝዮቹ ወደቀረው ይሰበሰባሉ፣ ያም ይቆፈራል።

ይህ በጫጩቶቹ ላይ ወዲያው ታየ። በየዓመቱ በተመሳሳይ ቀን ሲመዘኑ ክብደታቸው እየቀነሰ ሄደ፤ ቀጭጨው ያደጉት ጎልምሰውም ትናንሽ ሆኑ፤ በመጀመሪያ ዓመታቸው የሚሞቱት በዙ። ልጆቻቸውን ርቀው ባልተነካ ረግረግ ያሳደጉ ቤተሰቦች የወፈሩ ጫጩቶች ነበሯቸው። ሆኖም አብዛኞቹ እናቶች ራሳቸው ወዳደጉበት፣ አሁን ጭቃ ወደሆነው ቦታ ልጆቻቸውን መውሰዳቸውን ቀጠሉ። መንደሩን ያቆመው ልማድ ይኸው ነው፤ አገሩ ሲበላሽ ቶሎ አይለቃቸውም። መንደሩ የሚዛወረው ቀስ በቀስ፣ የራቁት ቤተሰቦች ሴት ልጆች በበዙ መጠን ነው። የላ ፔሩዙም እንዲህ እያለ በባሕሩ ዳር ወደ ምሥራቅና ወደ ደቡብ፣ ከዚያም ወደ የብሱ ውስጥ ተዘርግቷል።

በሽታ ደግሞ ሌላው ነው። በስቫልባርድ የሚፈለፍሉት ባለ ነጭ ጉንጭ ዝዮች በ1940ዎቹ መጨረሻ 300 ገደማ ነበሩ፤ ጥበቃ ከተደረገላቸው በኋላ ወደ 40,000 ደረሱ። ሁሉም የብርዱን ወራት የሚያሳልፉት በስኮትላንድና በእንግሊዝ ድንበር ባለ አንድ የባሕር ዳር ስለሆነ፣ ከ2021 ወደ 2022 በሚወስደው ብርድ የወፍ ጉንፋን ሲገባ ሲሶ ያህላቸው አለቁ።

የተራቆተው ረግረግ ይመለሳል ወይ ለሚሉ፦ ዝይ እንዳይገባበት የታጠረ ቁራጭ መሬት እንኳ ከአሥር ዓመት በላይ ባዶውን የቆየ አለ። አዲስ ረግረግ ግን ይወለዳል። ላ ፔሩዝ ያለበት የሐድሰን ባሕረ ሰላጤ ዳርቻ የጥንቱ የበረዶ ክምር ከላዩ ከተነሣ ወዲህ በዓመት አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ከባሕሩ ከፍ ይላል፤ ከውሃ የሚወጣውን ጭቃ ሣር ይይዘዋል፤ ዝዮቹ ከቀደሙት ግን አይይዘውም።

ጥያቄ፦ ይህን ሁሉ ወፍ እንዴት ነው የሚቆጥሩት? (ብዙ አንባቢዎች)

መልስ፦ አንድ በአንድ አይደለም። ሴቶቹ ታቅፈው ሳለ ከአውሮፕላን ፎቶግራፍ ይነሣል፤ ነጠብጣቦቹ ይቆጠራሉ። ስሕተት የሚገባው በሁለት በኩል ነው። ጎጆ የሌላቸው ወጣቶች አብረው ይቆጠራሉ፤ ከበረዶ ዝዮች መካከል ሰውነታቸው ጥቁር ግራጫ የሆኑት ደግሞ ከመሬቱ ቀለም ጋር ተመሳስለው ይታለፋሉ። ስለዚህ መሬት ላይ በዘፈቀደ በተመረጡ ክቦች ውስጥ ያለው ጎጆ ሁሉ ይቆጠርና በመንደሩ ስፋት ይባዛል።

እንቁላሉ ስንት ቀን እንደታቀፈ ማወቅ ሲያስፈልግ የእናቶቻችን ዘዴ ይሠራል፤ ውሃ ውስጥ ማስገባት። አዲሱ ከሥር ተጋድሞ ይቀመጣል። ቀናት ሲያልፉ ውሃው በቅርፊቱ በኩል እየተነነ በሰፊው ጫፍ ያለው የአየር ክፍተት ስለሚሰፋ ያ ጫፍ ወደ ላይ ይነሣል፣ ቆይቶም ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ በመጨረሻ ይንሳፈፋል። እንቁላሉ ተመልሶ በላባው መሸፈን አለበት፤ ሳይሸፈን የተተወውን የባሕር ወፍ እናቲቱ ሳትመለስ ይወስደዋል። ወቅቱ ካለፈ በኋላ ደግሞ የቀረው ቅርፊት ይናገራል። የውስጡ ስስ ሽፋን ከቅርፊቱ ተላቆ ከተገኘ ጫጩት ወጥቷል፤ ቅርፊቱ ላይ እንደተጣበቀ ከተሰበረ ተበልቷል።

ምልክት የሚደረግባቸው ወላጆቹ የክንፍ ላባቸውን ጥለው ለሦስትና ለአራት ሳምንት መብረር በማይችሉበት ጊዜ ነው። ሰዎች በሰፊው ከበው በዝግታ ወደ መረብ በረት ይነዷቸዋል። ችኮላ እዚህ ይገድላል፤ ከተጣደፉ ጫጩቶቹ ይረጋገጣሉ ወይም በሙቀት ይዝላሉ። እግራቸው ላይ ቀለበት ከተደረገ በኋላ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይለቀቃሉ፤ አንድ በአንድ ከተለቀቁ ጫጩት እናቱን ያጣል።

ጥያቄ፦ ሚኒሶታ ውስጥ በምሠራበት ግቢ ኩሬ ዳር የካናዳ ዝዮች በየዓመቱ እየበዙ ነው፤ መተላለፊያው ሁሉ ኩስ ሆኗል። አስይዘን ሩቅ ብንወስዳቸውስ? (አንባቢ፣ ሚኒያፖሊስ)

መልስ፦ አዋቂዎቹን ቢወስዷቸው ይመለሳሉ፤ ለምን እንደሆነ ከመጀመሪያው መልሳችን ይገባዎታል። መብረር ያልጀመሩ ጫጩቶች ግን ተወስደው ሌላ ቦታ መብረር ከተማሩ ያን አገራቸው ያደርጋሉ። የእናንተ ክልል ዝዮችም የበዙት በዚሁ መንገድ ነው። ግዙፉ የካናዳ ዝይ ጠፍቷል ተብሎ ሳለ በ1962 እዚያው ሚኒሶታ፣ በሮቸስተር ከተማ በሲልቨር ሐይቅ ሃሮልድ ሃንሰን የተባለ ተመራማሪ አገኘው፤ ከዚያ በኋላ በብዙ ክልሎች ጫጩቶቹ እየተለቀቁ አዳዲስ መንጋዎች ተመሠረቱ።

እርስዎ ማድረግ የሚችሉት እንቁላሉን በበቆሎ ዘይት መቀባት ነው። ዘይቱ የቅርፊቱን ቀዳዳዎች ይደፍናል፤ ጫጩቱ አያድግም። አስቀድሞ ግን ግቢው በአሜሪካ የዓሣና የዱር እንስሳት አገልግሎት መመዝገብ አለበት፤ ሳይመዘገቡ መንካት ሕገ ወጥ ነው፣ ክልሉም የራሱን ፈቃድ ሊጠይቅ ይችላል። እንቁላሉን በውሃ ይፈትኑት፤ ከሰመጠ ይቀቡት፣ ከተንሳፈፈ ግን ጫጩቱ ስለጠነከረ አይንኩት። የተቀባውን እዚያው ጎጆው ውስጥ ይተዉት፤ ከወሰዱት ሴቷ ሌላ ትጥላለች፣ ከተዉት ግን ታቅፋው ወቅቱ ያልፍባታል። ለሁለት ሆናችሁ ሂዱ፤ አንዱ ሲሠራ ሌላው የተከፈተ ጃንጥላ በወንዱ ፊት ይያዝ፤ ወንዱ በክንፉ ሲመታ ያማል። በስሌታችን እንዳዩት እንቁላል ብቻ መቀነስ ቶሎ አያሳንሳቸውም። ስለዚህ በውሃው ዳር የሚታጨደውን ሣር እስከ ጉልበት ድረስ እንዲያድግ ይተዉት፤ ጫጩት የያዘች ዝይ ቀበሮ ሊደበቅበት በሚችል ረጅም ሣር ውስጥ መግባት አትወድም።